ሣጥኑ ከመለወጡ በፊት መስመሩ ይታይ



ወደ ዝግጅት ክፍላችን በስልክም፣ በማትናስ ደጃፍም፣ ከምኩራብ መልስም የሚደርሰን አቤቱታ ከቤት ኪራይ፣ ከሥራና ከትምህርት ቤት ጉዳይ አልፎ ሳሎን ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ጥቁር ሣጥን ከደረሰ ሰንብቷል። ይህች ሣጥን በዕብራይስጥ ሜሚር የምትባለው፣ ፕሮግራም እየቀዳች የምታስቀምጠው የቴሌቪዥን መቅጃ ናት። «ግንኙነት የለም ትለኛለች»፣ «አልቀዳችም»፣ «የቀዳሁት ጠፋ» የሚለውን ደጋግመን ሰምተናል። አንዳንድ አንባቢ «ስለ ቴሌቪዥን ሣጥን ርዕሰ አንቀጽ የምትጽፉት ሌላ ቁም ነገር አልቆባችሁ ነው ወይ?» ይለን ይሆናል። አላለቀብንም። ነገር ግን በዚህች ሣጥን ሰበብ ከወገኖቻችን ቤት የሚወጣውን ስንመለከት፣ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ስለተረዳን ዝም ማለቱን አልመረጥንም።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማታ እናት ወይም አባት ሣጥኗን ሲከፍቱ በቴሌቪዥኑ ላይ ግንኙነት እንደሌለ የሚገልጽ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይወጣል። ጽሑፉን ማንበብ የሚቸግረው ወላጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይጠራል። ልጅ ወደ ኩባንያው ሞኬድ ይደውላል። እናት ከጎኑ ቆማ «ልጄ፣ ምን አለህ?» ትላለች፤ ልጅም «እማዬ ቆይ፣ እየጠየቀኝ ነው» ይላል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሠራተኛ ሁለት ሦስት ነገር ጠይቆ «ሣጥኑ አርጅቷል፣ እንለውጥላችኋለን፤ በዚያውም የተሻለ ሐቪላ አለን» ይላል። ልጅ «ቤሴዴር» ይላል። በሳምንቱ ቴክናይ መጥቶ አሮጌውን ሣጥን ነቅሎ ይወስዳል፣ አዲሱን ይተክላል። በወሩ መጨረሻ ከባንክ የሚቆረጠው ሒሳብ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ለዓመታት የተቀዳውም ሁሉ ከአሮጌው ሣጥን ጋር ሄዷል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የሣጥኑ አለመሆኑ ነው። አንድ ገመድ ከመሰኪያው ወጣ ብሎ ነበር፣ ወይም መብራቱን የሚያጠፋው የሰንበት ሰዓት ራውተሩንም አብሮ ያጠፋው ነበር።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች በአንዱ ከሣጥኑ ጋር የሄደው ቅጂ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት በአማርኛ ፕሮግራም ላይ ቀርበው በሱዳን በኩል ስለመጡበት መንገድ የተናገሩበት ነበር። ቤተሰቡ ያንን ቅጂ በየዓመቱ ለመታሰቢያቸው ቀን ይከፍተው ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን አንድ ነገር ማንሳት እንወዳለን። በ1990ዎቹ በካራቫን ሠፈሮች የኖርን ሰዎች የቪዲዮ ካሴትን እናስታውሳለን። የሠርግ ካሴት፣ የስግድ ካሴት፣ ከጎንደር የመጣ የዘመድ ካሴት ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ካሴቱ ይበላሽ ነበር፣ ሪቦኑ ይበጠስ ነበር፤ ነገር ግን በእጃችን ያለ፣ የራሳችን ንብረት ነበር። ዛሬ በሣጥኗ ውስጥ የተቀዳው ግን የእኛ ይመስለናል እንጂ አያያዙ ሌላ ነው። ሣጥኗ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ናት። በውስጧ ባለው ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ቅጂም ተቆልፎ የሚቀመጥ ስለሆነ ሌላ ሣጥን ሊያነበው አይችልም። ሣጥኗ ከቤት ስትወጣ ቅጂውም ይወጣል። በአዳዲሶቹ አገልግሎቶች ቅጂው ሣጥኗ ውስጥ ሳይሆን በኩባንያው ማዕከል ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ የሣጥኗ መለወጥ አይጎዳም፣ ነገር ግን የሚቀመጥበት ጊዜ የተወሰነ ሊሆን ይችላል፣ ውሉ ሲቋረጥም አብሮ ይቋረጣል። በመሆኑም አባት፣ እናት ወይም አያት በቴሌቪዥን ቀርበው የተናገሩበት ፕሮግራም ያለው ቤተሰብ፣ ሣጥኗን ብቻ አምኖ ሳይቀመጥ ከወዲሁ ለጣቢያው ጽፎ ግልባጭ ይጠይቅ እንላለን።

አሁን ወደ መስመሩ ጉዳይ እንግባ። ሣጥኗ «ግንኙነት የለም» ስትል ምን ማለቷ ነው?

በመጀመሪያ የሣጥኗ ዓይነት ይታወቅ። ስርጭቱን በጣሪያ ላይ ካለው ሳህን ወይም ከኬብል የምትቀበል ሣጥን ኢንተርኔት ቢቋረጥባትም ጣቢያዎቹን ታሳያለች፣ የሚተላለፈውንም ትቀዳለች፣ በዲስኳ ላይ ያለውንም ትከፍታለች። የሚቀርባት ከቤተ መጻሕፍቱ ተመርጦ የሚታየው ፊልምና ከስልክ የሚሰጣት ትእዛዝ ነው። ሁለተኛዋ ዓይነት ግን ሁሉንም ነገር በኢንተርኔት የምታገኝ ናት፤ ባለፉት ዓመታትም ብዙዎቹ ቤቶች ወደዚህች ዓይነት እየዞሩ ነው። ለእሷ መስመሩ ከተቋረጠ ሁሉም ይቋረጣል። እንግዲህ አንድ ሰው ሣጥኗ የቀዳችውን መክፈት ከቻለና ጣቢያውም ከታየው፣ ነገር ግን ፊልም መምረጥ ካልቻለ፣ ሣጥኗ ጤነኛ ናት፤ የታመመው መስመሩ ነው። «ሣጥኑን እንለውጥ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህችን አንዲት ነገር መናገር መቻል ብቻዋን ብዙ ታድናለች።

ቀጥሎ የሚታየው፣ የተቋረጠው ለሣጥኗ ብቻ ነው ወይስ ለቤቱ ሁሉ? የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ስልክን መክፈት ይበቃል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ የራሱ የሲም ኢንተርኔት ስላለው ዋይፋዩ ሞቶም ቢሆን ዩትዩብ ያሳያል፣ ባለቤቱም «ኢንተርኔቱ ደኅና ነው» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሲሙ ኢንተርኔት ይዘጋ፣ ስልኩ በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ይሞከር። ስልኩም ካልሠራ ነገሩ የራውተሩ ወይም የውጭው መስመር ነው። ስልኩ ከሠራ ነገሩ በራውተሩና በሣጥኗ መካከል ነው።

ውጭውን ለማወቅ መብራቶቹን ማየት ነው። የኦፕቲክ ፋይበር (በዕብራይስጥ ሲቪም) የገባላቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሣጥን አለች። አብዛኛዎቹ ላይ ኤል ኦ ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት አለ፤ ያ መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው። ያን ጊዜ በቤት ውስጥ የሚሠራ ምንም ነገር የለም፤ መደወል ብቻ ነው። ሰበቡም ብዙ ጊዜ ሶፋ ሲገፋ ወይም ቤት ሲጸዳ የታጠፈው ቀጭን ገመድ ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ስለሆነ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ተጠቅልሎ በጥፍር አይመታም፤ ሲነቀልም በጫፉ ውስጥ በዓይን አይታይም። ልጆችም ይህን ይወቁ።

መብራቶቹ ደኅና ከሆኑ ገመዱ ይታይ። ከራውተሩ ወደ ሣጥኗ የሚሄደው የኔትወርክ ገመድ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለችው፤ ሲገባ «ቀጭ» ማለት አለበት። ያቺ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ የገባ እየመሰለ ወጣ ይላል፣ መጥረጊያ በነካው ቁጥርም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሌላው ደግሞ የስልክ ገመድ ነው። ጫፉ ጠበብ ያለ ቢሆንም በኔትወርኩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ይገባል እንጂ አይሠራም። በራውተሩ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎችም አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ በቀለም የተለየው፣ ከውጭ ለሚመጣው መስመር ብቻ ነው። ሰው ጠረጴዛ አጽድቶ ገመዶቹን ሲመልስ የሣጥኗን ገመድ በዚያ ቀዳዳ ከሰካው ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ገመድ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያም ማጥፋትና ማብራት አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሁን እንጂ በቅደም ተከተል ከተሠራ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ነው። ሁሉም ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ። በመጀመሪያ የፋይበሩ ሣጥን ወይም ሞደሙ ይሰካ፣ መብራቱ እስኪረጋ ይጠበቅ። ቀጥሎ ራውተሩ፣ እሱም እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ። በመጨረሻ የቴሌቪዥን ሣጥኗ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚሰካ ሰው ሣጥኗ ራውተሩ ሳይነቃ ጠይቃው መልስ ስላጣች «ግንኙነት የለም» እንዳለች ትቀራለች። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ በራውተሩ ጀርባ በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ማጥፊያ አይደለችም፣ የራውተሩን ትዝታ ሁሉ ታጠፋለች። በሣጥኗም ዝርዝር ውስጥ «ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መልስ» የሚል ምርጫ አለ። እሱ ቅጂዎቹን ጠራርጎ ሊያጠፋ ስለሚችል አይነካ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ በሣጥኗ ዝርዝር ውስጥ ስለ ኔትወርክ የሚገልጸው ገጽ ይከፈት፤ እዚያ አራት ክፍል ያለው ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ የቤቱ አድራሻ ማለት ነው፤ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ ያድላል። በ192.168 ወይም በ10.0 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሣጥኗ ከራውተሩ ጋር ተነጋግራለች፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው ማለት ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ሣጥኗ ጠይቃ መልስ የሰጣት አላገኘችም፣ ለራሷም ቁጥር አውጥታለች፤ ገመዱ ወይም ዋይፋዩ ይመርመር። ሁሉም ዜሮ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልተገናኘችም። ቁጥር ማንበብ ዕብራይስጥ ማወቅን አይጠይቅም። ይህን ቁጥር ለሞኬዱ የሚናገር ሰው፣ ወገኖቻችን ሞክረው እንደነገሩን፣ የሚስተናገደው በሌላ ድምፅ ነው።

ስለ ዋይፋይ ብዙ የምንለው አለ፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ጠላት አለበትና። እሱም ማማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ ይህ ክፍል በብረት በታጠረ ወፍራም ኮንክሪት ይሠራል፣ በሩም ብረት ነው። ለሚሳይል የተሠራ ግድግዳ ዋይፋይንም አያሳልፍም። ብዙ ቤተሰብ ግን ማማዱን የልጆች ክፍል አድርጎ ኮምፒዩተሩንና ራውተሩን እዚያ ያስገባል፤ ሳሎን ያለችው ሣጥን ከግድግዳው ወዲያ ሆና ፊልሙ በየደቂቃው እየቆመ ይሽከረከርባታል። በዚህ ጊዜ ሻጩ «ፍጥነቱ አንሷችሁ ነው፣ 1000 ሜጋ ውሰዱ» ይላል። ግድግዳው ግን 1000 ሜጋ መሆኑን አያውቅም! አንድ ጥራት ያለው ፕሮግራም ለማየት ከ5 እስከ 10 ሜጋ ያህል ይበቃል። የሚያስፈልገው ራውተሩን ከማማድ ማውጣት፣ ወይም ከራውተሩ እስከ ሣጥኗ አንድ የኔትወርክ ገመድ በግድግዳው ግርጌ መዘርጋት ነው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይሠራል፤ ከኛ አፓርታማዎች የትኛውም ይህን ያህል አይረዝምም።

ራውተሩ ሁለት ስም ያለው ዋይፋይ ካሳየ፣ አንደኛው በስሙ መጨረሻ 5 የሚል ከሆነ፣ እሱ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ሌላው ቀርፋፋ ቢሆንም ራቅ ብሎ ይደርሳል። ሣጥኗ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ካለች ፈጣኑን፣ ከግድግዳ ወዲያ ካለች ሌላውን መሞከር ነው። በኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ኢንተርኔትን የሚያሳልፉ ሁለት ትናንሽ መሰኪያዎችም በገበያ አሉ፤ ለአሮጌ ቤት ይጠቅማሉ፣ ግን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ካልተሰኩና ብዙ ቀዳዳ ባለው ማራዘሚያ ላይ ከሆኑ ኃይላቸው ይወርዳል።

የይለፍ ቃልም አለ። ኩባንያ ተቀይሮ አዲስ ራውተር የመጣ ዕለት ሣጥኗ የአሮጌውን ስምና የይለፍ ቃል ይዛ ትፈልጋለች፣ አታገኘውም። በሪሞት የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ እየለዩ መጻፍ ለሽማግሌ ይቅርና ለወጣትም ያሰለቻል። የሚሻለው ራውተሩን ለሚተክለው ሰው «የድሮውን ስምና የድሮውን የይለፍ ቃል ስጥልን» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ሳይነካ በራሱ ይገናኛል። ቃሉም በትልቁ ተጽፎ በቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ፣ በልጁ ስልክ ውስጥ ብቻ አይቅር።

ሰንበት የሚያከብሩ ቤቶች በተለይ የሚያጋጥማቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። የዓርብ ማታና የቅዳሜ ፕሮግራም እሑድ እንዲታይ ሣጥኗ ትታዘዛለች፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ራውተሩ ከሳሎኑ መብራት ጋር በአንድ ማራዘሚያ ላይ ከሆነና ማራዘሚያው በሰንበት ሰዓት ከታሠረ፣ ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። በኢንተርኔት ብቻ የምትሠራው ሣጥን በዚያ ሰዓት ምንም አይደርሳትም። ሣጥኗ ራሷ በማራዘሚያው ላይ ከሆነች ደግሞ የሳህኗም ብትሆን ታጣለች። ሁለቱም የሰንበት ሰዓት በሌለበት ሶኬት ላይ ይሁኑ። የተጣራ ኢንተርኔት (ሲኑን) ያስገቡ ቤተሰቦችም ማጣሪያው የሣጥኗን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል ይወቁ፤ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ሣጥኗ ብቻ እምቢ ካለች ማጣሪያውን የሚሰጠው ድርጅት ለሣጥኗ እንዲከፍትላቸው ይጠይቁ። ማጣሪያውን ማንሳት አያስፈልግም።

የሰዓት ነገርም ከመስመር ብልሽት ጋር ይምታታል። አንዳንድ ሽማግሌ «ለሁለት ሰዓት አዘዝኳት፣ አልቀዳችም» ይሉናል። እርሳቸው ያሰቡት በኛ አቆጣጠር ማታ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሣጥኗ ግን ሌሊት 2:00 ላይ ተነሥታ ባዶ ነገር ቀድታለች። ማታ ሁለት ሰዓት ለእሷ 20:00 ነው። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ከፕሮግራሙ ዝርዝር ውስጥ ስሙን መርጦ ማዘዝ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻና በጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ ሲቀየርም አይሳሳትም።

እስካሁን የተናገርነው ከቤት ውስጥ ያለውን ነው። ቤቱ ተመርምሮ ጥፋቱ ከውጭ መሆኑ ሲታወቅ ግን መደወል ግዴታ ነው፤ በዚህም በኩል ሕጉ ከወገኖቻችን ጋር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቀድሞ መስመሩ (ታሽቲት) ከአንድ ኩባንያ፣ አገልግሎቱ (ሳፓክ) ከሌላ ስለነበረ፣ አንዱ በሌላው እያላከከ ደንበኛው በመካከል ሲንከራተት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ታላላቆቹ የመስመር ባለቤቶች ሁለቱን ባንድ ላይ እንዲሸጡ ተፈቅዷል። ዛሬም ሁለት ሒሳብ የሚከፍል ቤተሰብ ካለ ውሉን አውጥቶ ይመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሸማቾች መጠበቂያ ሕግ በየጊዜው እየተሻሻለ መጥቷል። ብልሽት ለማስታወቅ የሚደውል ሰው በ6 ደቂቃ ውስጥ የሰው ድምፅ ማግኘት ይገባዋል። ቴክናይ ከተቀጠረበት ሰዓት ከ2 ሰዓት በላይ ከዘገየ ደንበኛው ጉዳቱን ሳያስረዳ 300 ሸቀል፣ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ 600 ሸቀል ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የቀጠሮው ሰዓት በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይያዝ። በስልክ ንግግር የተደረገን ግዢ መሰረዝ ለማንኛውም ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ዕድሜው 65 ለሞላው፣ ለአካል ጉዳተኛና ከመጣ 5 ዓመት ላልሞላው ዓሌ ግን 4 ወር ድረስ ተፈቅዶለታል። የመሰረዣው ክፍያም ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው አይበልጥም፤ ለተጠቀሙበት ጊዜ ግን ይከፈላል። ልጁ «ቤሴዴር» ስላለ ብቻ የአያቱ ሒሳብ ለዘለዓለም የታሠረ የመሰላቸው ቤተሰቦች ይህችን አንቀጽ ቆርጠው ያስቀምጡ።

ልጆቻችንን የምንወቅስ እንዳይመስል። እነሱ ባይኖሩ ብዙ ነገር ይጎድልብን ነበር። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቤቱን ሒሳብ የሚወስን፣ ወላጅ ደግሞ ከጎን ቆሞ ፊቱን የሚያነብ ከሆነ፣ የቤቱ ሥርዓት ተገልብጧል። በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ይህን ስንቃወም ኖረናል፤ በሞኬድ ስልክ ላይ ሲሆን ለምን እንተወዋለን? ልጅ ያስተርጉም፤ «እሺ» የሚለው ግን ወላጅ ይሁን። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ይደረግ፣ ሠራተኛው የሚለው በአማርኛ ሳይነገር መልስ አይሰጥ።

ኩባንያዎቹንም እንጠይቃለን። በሩሲያኛ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ሲያዘጋጁ አማርኛ ለምን ይቀራል? የሚከፈለው ሸቀል አንድ ነው፤ በየመሥሪያ ቤታቸውም ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶቻችን ተቀጥረው ይሠራሉ። «ለአማርኛ ይህን ይጫኑ» የምትል አንዲት ቁጥር ለመጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የማትናስ ኃላፊዎችንም፣ ከሠራዊት በዚህ ሙያ ሠልጥነው የተመለሱ ልጆቻችን በሳምንት አንድ ማታ ተቀምጠው ለወላጆች በአማርኛ የሚያሳዩበት ክፍል እንዲሰጡ እናሳስባለን። አንድ ራውተር፣ አንድ ሣጥንና ሁለት ገመድ ለትምህርቱ ይበቃሉ።

እስከዚያው በስልክ የሚነገሩትን ዓረፍተ ነገሮች እዚህ በፊደላችን እንጽፋለን፤ በዕብራይስጡ ገጽም ታትመዋል። በሣጥኑ ላይ ኢንተርኔት የለም፦ «ኤን ሒቡር ላኢንተርኔት ባሜሚር»። ገመዶቹን አይቻለሁ፣ ራውተሩንም አጥፍቼ አብርቻለሁ፦ «ባዳክቲ ኤት ሃካቤሊም ቬኢትሓልቲ ኤት ሃራውተር»። የውጭው መስመር ደኅና ነው ወይ? «ሃካቭ ሜሃሑጽ ታኪን?» መስመሩ ሳይመረመር ሣጥኑ እንዲለወጥ አልስማማም፦ «አኒ ሎ ማስኪም ለሃሕሊፍ ኤት ሃሜሚር ሊፍኔ ብዲካት ሃካቭ»፤ ሴት ከሆነች «ማስኪም» በሚለው ፈንታ «ማስኪማ» ትበል። ሐቪላ አልቀይርም፦ «አኒ ሎ ሜሻኔ ሐቪላ»፤ ለሴት «ሜሻና»። በመጨረሻም ስልኩ ሳይዘጋ የአቤቱታው ቁጥር ይጠየቅ፦ «ማ ሚስፓር ሃፕኒያ?» ቁጥሩ ከነቀኑና ከሠራተኛው ስም ጋር በወረቀት ይጻፍ።